የፒኮኩ ዳንቴል ከማን እጅ ነው

ሶዶ፣ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምትናፍቂኝና ለምትቆጪኝ አክስቴ እታፈራሁ፣ ጆሃንስበርግ፤

ሳሮ፣ ሰላም ላንቺ። በሱቅሽ ደንበኛ፣ በቤትሽ ሰላም፣ በጉልበትሽ ቅባት ይስጥሽ። እኔ ደህና ነኝ። እናቴም ወገቧን ትላለች እንጂ ደህና ናት። ዶሮዋ ግን ሞታለች። አትዘኚ፣ በልተናት ነው።

ሱቁ የሶዶና የሆሳዕና ሰው ስለሞላበት ድምፅ አትላኪ፣ በቴሌግራም ጻፊ ስላልሽኝ ይኸው እጽፋለሁ። አሥረኛን ደግሜ የወደቅኩ ልጅ መሆኔን እያሰብሽ አንብቢው።

ወሬው እንዲህ ነው። ከመናኸሪያው በላይ ያለው የእድራችን አዳራሽ ጓዳ፣ ድንኳንና ድስት የሚቀመጥበት፣ ግማሹ ተጠርጎ ማኅደር ሆኗል። የአንጁሎ ልጅ ሩት፣ ዩኒቨርሲቲው ላይብረሪ የምትሠራዋ፣ የሰፈሩን ሴቶች ሰብስባ ነው ያቋቋመችው። ዳንቴል፣ ጥልፍ፣ ስፌት፣ ሴት በእጇ የሠራችው ሁሉ እየመጣ ፎቶ ይነሳል፣ ይመዘገባል፣ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ሩት በስብሰባው ላይ ምን አለች መሰለሽ፤ «የሸማኔውን ስም አገር ያውቀዋል። የሶፋችንን ልብስ የሠራችው ሴት ግን ስትሞት ፕላስቲክ ገዝተን እናለብሰዋለን፣ የሷን ለእግር መጥረጊያ እናወርደዋለን።» እናቴ ይህን ሰምታ በራችን ሥር ያለውን ጨርቅ በእግሯ ወደ ውስጥ ገፋችው።

እያንዳንዱ ሥራ ካርድ አለው። ካርዱ ላይ ሦስት መስመር አለ፤ ማን ሠራው፣ መቼ ተሠራ፣ ከማን እጅ ተወሰደ። መቼም ዳንቴል ይዞ የሚወለድ ሰው የለም፤ ከሆነች ሴት ሥራ ላይ ቆጥረሽ ነው የምትጀምሪው። እንግዲህ ሦስተኛው መስመር ላይ ሁሉም «ከራሴ» ይላሉ። አንዷ «ከጌታ ነው የተቀበልኩት» ስትል ሩት «ጌታ የትኛው ሰፈር ሆኖ ነው ያስቆጠረሽ ብዬ ልጻፍ» አለቻት።

አሁን የሱቁን ባንኮኒ ያዥ። መሃል ግድግዳው ላይ፣ ከመስኮቱ ብርሃን በሚወድቅበት ቦታ፣ የተሰቀለው ፒኮክ ነው። አንገቱ፣ ደረቱ፣ ዘውዱ ሳይቀር። ማን ሠራው፤ ኢየሩሳሌም፣ ያቺው የድሮ ባላጋራሽ። ከማን እጅ፤ ባዶ። እሷ እንኳ «ከራሴ» አላለችም፤ ባዶውን ትታዋለች። ሰው ሁሉ እየመጣ ፎቶ ይነሳበታል። እኔም ተነስቻለሁ፣ አምሮብኛል፣ ከፈለግሽ እልክልሻለሁ።

የምትወድሽ የእህትሽ ልጅ
ህብረት


ጆሃንስበርግ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተወደድሽው ለእህቴ ልጅ ለህብረት፤

በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ ስም የከበረ ሰላምታዬ ይድረስሽ። የእግዚአብሔር ጥበቃ ከቤታችሁ አይራቅ። እኔ በጌታ ቸርነት ደህና ነኝ። ማለቴ ደብዳቤሽን እስካነብ ድረስ ደህና ነበርኩ።

ፎቶውን እንዳትልኪልኝ። ከላክሽም ያንቺ ጥርስ የሌለበትን።

ህብረት፣ ያ ፒኮክ የኔ ነው። ተበላ ከተማ ገበያ በቆሎ ስሸጥ፣ ከሰዓት በኋላ ሰው ሲሳሳ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ከጭንቅላቴ ያወጣሁት ነው። ማንም አላሳየኝም። ከዚያ የቦዲቲዋ አክስታችን ስትሞት፣ ልቅሶ ቤቱ ባዶ ሶፋ እንዳይሆን ብዬ ይዤው ሄድኩ፣ አለበስኩት። ያቺ ሴት መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። ሰው ደረት ይመታል። እሷ ነጠላዋን ግንባሯ ላይ ጥላ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። እኔ የምትጸልይ መስሎኝ «አሜን» ብያታለሁ። ስትቆጥር ነበር። ቀዳዳ በቀዳዳ፣ ድፍን በድፍን፣ የሟቿ ፎቶ ፊት ለፊት። ብዙም ሳይቆይ ሶፋዋ ላይ ፒኮክ ተቀመጠ። ከዚያ ቀን ወዲህ በሬን ዘግቼ ነው የሠራሁት።

የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው። በዚያ ባዶ መስመር ላይ ስሜ ይጻፍ። ሩት አይደለችም የምትጽፈው፣ አንቺም አይደለሽም። ራሷ፣ በገዛ እጇ፣ እታፈራሁ ብላ ትጻፍ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

እናትሽ ሳጥን ውስጥ፣ ከሥር፣ በአሮጌ አልጋ ልብስ የተጠቀለለ የኔ ፒኮክ አለ። ሌላውን ሥራዬን ሁሉ ስመጣ ሸጬዋለሁ፤ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው። ወስደሽ ለሩት ስጪ። ፊት ለፊቷ ይሰቀል።

ጌታ ይባርክሽ። ቶሎ ጻፊ።

አክስትሽ እታፈራሁ


ሶዶ፣ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለፒኮኩ እናት፣ ለአክስቴ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን፣ ለጠላትሽም ትንሽ ይትረፋት።

ወሰድኩት። እናቴ «ሳጥኔን ከፈትሽ» ብላ እስከ አጥር ተከተለችኝ፤ ያንቺ ትእዛዝ ነው ስላት «እሷማ ከባሕር ማዶም ታዛለች» ብላ ተመለሰች። ሩት ነጭ ጓንት አጥልቃ ነው የነካችው። እኔም አክብሮቴን ለማሳየት እጄን በሳሙና ታጠብኩ።

ተሰቀለ። ፊት ለፊት፣ እንዳልሽው። አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ያንቺ ፒኮክ ጭራው ጥጉ ጋ ሲደርስ ታጥፎ በሌላው ጎን ይቀጥላል። የእትዬ ኢየሩ ጥጉ ጋ ሲደርስ ቁርጥ። በር የቀረጠፈው ነው የሚመስለው። ሰውም አይቷል። አንዷ «ይኼኛው ጭራውን ይዞ ነው የመጣ» ስትል ሰምቻለሁ።

መጥፎው ወሬ ደግሞ ይኸው። ያንቺ ሳጥን ውስጥ ከርሞ እንደ ተቀቀለ ጎመን ተንጠልጥሏል። የሷ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሰው መጀመሪያ ያንቺን ያደንቅና ፎቶ ሲነሳ የሷ ሥር ይቆማል።

እትዬ ኢየሩ ያንቺን ቀርባ አይታው አታውቅም። ስታልፍ አንገቷን ወደ ድስቶቹ ታዞራለች። ስለዚህ ትንሽ ልርዳት ብዬ ካርዷ ላይ፣ ባዶው መስመር ውስጥ፣ በእርሳስ «ከቦዲቲ ልቅሶ» ብዬ ጻፍኩላት። በማግስቱ መጣች፣ አነበበች፣ የነጠላዋን ጫፍ በምራቋ አርጥባ በቀስታ አጠፋችው። ከዚያ ሌላ ሰው ሳታይ ቀጥታ ወደኔ ዞረች።

«አክስትሽ ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

«ሱቁስ?»

«ሱቁም ደህና ነው።»

«ዓይኗስ? እስከዚህ ድረስ ይታያታል?»

እኔ ሳቄን በድንኳኑ ሸራ ውስጥ ነው የቀበርኩት። ሴትየዋን ልጠላልሽ እየሞከርኩ ነው፤ ሥራው ከብዶኛል።

ህብረት


ጆሃንስበርግ፣ የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለህብረት፤

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እኔ ደህና ነኝ። «ልጠላልሽ እየሞከርኩ» ያልሽው ላይ አሁን አልመለስም።

እንደ ጎመን ተንጠልጥሏል ነው ያልሽው። ስሚ። ስኳር ውሰጂ። አትሳሺ። ውሃው እንደ ማር እስኪወርድ አፍይው፣ ሲበርድ ዳንቴሉን ንከሪው፣ ትራስ ላይ ወጥረሽ ዙሪያውን በመርፌ ያዢው። ሲደርቅ ይቆማል። እሷ ምን ያህል ስኳር እንደምትጨምር አውቃለሁ፤ ስስታም ናት። አንቺ እጥፍ አድርጊው። የሷ ቀጥ ካለ የኔ ይንጠራራ።

ሩት እንዳታውቅ። የተማሩ ሰዎች አሮጌ ነገር አሮጌ ሆኖ ሲታይ ነው ደስ የሚላቸው።

መስመሩንስ? የጻፍሽውን ሳይሆን እሷ ስለምትጽፈው ነው የምጠይቅሽ።

አክስትሽ እታፈራሁ


ሶዶ፣ መጋቢት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለስኳር ነጋዴዋ አክስቴ፤

ቸሩ አምላክ ጣፋጭ ዕድሜ ይስጥሽ።

ሩት ምሳ ስትወጣ አውርጄ፣ ቤት ወስጄ፣ እንዳዘዝሽኝ አድርጌ፣ በማግስቱ ምሳ ሰዓት መልሼ ሰቀልኩት። ለአንድ ቀን «ጸሐይ ላይ አውጥቼዋለሁ» ብያታለሁ። አክስቴ፣ ቆመ ነው የምልሽ። እንደ ትራፊክ ፖሊስ ደረቱን ነፍቶ ቆመ። ብትነኪው ድምፅ ያወጣል። ገብቶ የወጣ ሁሉ ሥሩ ፎቶ ተነሳ።

እትዬ ኢየሩ ሦስት ጊዜ አለፈች። ሦስቱንም ጊዜ ወደ ድስቶቹ አየች። በአራተኛው ቦርሳዋ ውስጥ ሃይላንድ ይዛ መጣች። ውስጡ ያለው ውሃ ሲወዛወዝ ይዘገያል። እኔ አላየሁም፣ እሷም እንዳላየሁ አየች።

ከዚያማ በሽታው ተዛመተ። የትራስ ልብስ ያመጣችው ሴት በሽሮ ዕቃ፣ የቴሌቪዥን ዳንቴሏ የተሰቀለላት ሴት በሕፃን ጡጦ፣ ሁሉም ስኳር ውሃ እየያዘ «የራሴን ላራግፍ» እያለ መግባት ጀመረ። አንዷ የሷ ከጎረቤቷ በጣት ዝቅ ብሎ ከታየ እንቅልፍ የላትም። አሁን ማኅደሩ ስትገቢ ወለሉ ጫማሽን ይዞ ይሰናበትሻል። ጉንዳኖቹ ከድስቶቹ ሥር በሰልፍ ተነስተው ግድግዳውን ይጎበኛሉ። ሩት «ጨርቅ ላይ ጉንዳን ምን ይሠራል» ብላ ስትገረም ሁላችንም አብረናት ተገረምን።

መስመሩ ባዶ ነው። ግን ቆሞ የሚታይ ፒኮክ አለሽ።

ህብረት


ጆሃንስበርግ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለህብረት፤

በጌታ ስም የጠለቀ ሰላምታዬ ይድረስሽ። ፎቶው ደረሰኝ። ለደንበኞቼ ሁሉ አሳይቻለሁ። አንዱ የወላይታ ልጅ «ይኼ ጀሶ ነው?» አለኝ፤ የሰሎሞንን ያህል ነው የከበርኩት።

እሷ ስታየው ፊቷ እንዴት ሆነ? ሳትቆርጪ ጻፊልኝ። ደግሞ ከፎቶው ጥግ የሷ ትንሽ ታየኝ፤ እሱም ከበፊቱ ቆሟል። ሌላ ስኳር ጨምሪ።

ጌታ እጅሽን ይባርክ።

አክስትሽ እታፈራሁ


ጆሃንስበርግ፣ ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ህብረት፤

ሰላም ነው? ያለፈውን አንብበሽዋል፤ ሁለቱን ምልክት አይቻለሁ። እናትሽን ስደውል «ትጽፍልሻለች» ትለኛለች። ዶሮ ሞተች ብላ የምትስቅ ልጅ ዝም ካለች የሞተው ሌላ ነገር ነው። ጻፊ።

እታፈራሁ


ሶዶ፣ ሰኔ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴ፤

ሰላምታውን አሳጥሬ ልግባ፣ ባስረዘምኩት ቁጥር እጄ ይፈራል።

አይጥ ነው።

የእድሩ ጓዳ አይጥ እንዳለበት ሁሉም ያውቃል፤ ጨርቅ ግን ነክቶ አያውቅም ነበር። እኛ ነን ሶፍት ኬክ ያደረግንለት። ሌላ ስኳር ጨምሪ ባልሽኝ ሳምንት ጨመርኩ። ሰኞ ጠዋት ሩት ስትከፍት ፒኮክሽ አንገት የለውም። አንገቱንና ደረቱን በልቶታል። ዘውዱ በአንድ ክር ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ጭራው ደህና ነው፤ ጥጉም ደህና ነው።

በአንድ ነገር ብቻ ደስ ይበልሽ። ከግድግዳው ሁሉ ያንቺን ነው የመረጠው። የእትዬ ኢየሩን ጫፉን ቀምሶ ትቶታል።

ይቺን ጽፌ ልስቅ ነበር። አልመጣልኝም።

ሩት ሁላችንንም ሰበሰበች። «ማነው እዚህ ስኳር ያስገባው?» አለች። እኔ እጄን አወጣሁ። ከዚያ የትራስ ልብሷ፣ ከዚያ የቴሌቪዥኗ፣ ከዚያ እትዬ ኢየሩ፣ ሁሉም እጅ ወጣ። ሩት ወንበር ላይ ተቀመጠችና «እኔ ከእርጥበት፣ ከፀሐይ፣ ከሌባ ልጠብቀው ብዬ አስቤ ነበር፤ ከባለቤቶቹ ልጠብቀው አላሰብኩም» አለች። አሁን ሁሉም በንጹሕ ውሃ ታጥቦ ጠረጴዛ ላይ ተኝቷል። ማንም አልቆመም። እኩል ሆነናል።

ያንቺን መጠገን የሚችል ሰው ፈለግን። አንገቱን ቀዳዳ በቀዳዳ የሚያውቅ በዓለም ላይ ሁለት ሰው ነው ያለው። አንዷ ጆሃንስበርግ ናት። ሌላዋ ቦዲቲ ልቅሶ ላይ የቆጠረችው ናት። ሩት ጠየቀቻት። «እታፈራሁ ካልፈቀደች ክሩን አልነካም» ብላ ወጣች።

ምን ልበላት?

ህብረት


ጆሃንስበርግ፣ ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ህብረት፤

አይሆንም። አይጥ የበላው ይሻለኛል። አይጡ ቢያንስ የራሴ ነው አላለም።

እኔው ቆጥሬ እልክልሻለሁ፣ አንቺ ለሌላ ሰው ትሰጫለሽ። እሷ እንዳትነካው።

እታፈራሁ


ጆሃንስበርግ፣ ሰኔ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለህብረት፤

የጌታ ሰላም ይብዛልሽ። እናትሽ ወገቧ እንዴት ነው?

ኪሮሽ ገዛሁ። ክር ገዛሁ። ሱቁ ጭር ሲል ከባንኮኒው ሥር ሆኜ አንገቱን ጀመርኩት። ጀመርኩ፣ ፈታሁ። ጀመርኩ፣ ፈታሁ። ጭራውን እጄ ያውቀዋል፤ ዓይኔን ጨፍኜም እሠራዋለሁ። አንገቱ ጋ ስደርስ እጄ ይቆማል። ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ የት እንደሚጠብ ግን ጠፋኝ። ለማንም አላሳየሁም ነበር፤ ስለዚህ የምጠይቀው ሰውም የለኝም። ከአንዲት ሴት በቀር።

ትሥራው።

ግን አንቺ አጠገቧ ትቀመጫለሽ። ከመጀመሪያው ቀዳዳ እስከ መጨረሻው ትቆጥሪያለሽ። የራሷን እንዳትጨምርበት። ክሩን ለምን እንደምታጠብቅ፣ ለምን እንደምታላላ ጠይቂያትና ጻፊልኝ። እኔ ጠየቅኩ እንዳትያት።

አክስትሽ እታፈራሁ


ሶዶ፣ ሐምሌ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴ እታፈራሁ፣ የሩቅ ዓይን ላላት፤

ክረምቱ ሶዶን አጥቦ የዳሞታን ተራራ ደብቆታል፤ እናቴ ወገቧን በብርድ ታሳብባለች። ሰላም ነን።

መጣች። ክሩን ከነቦርሳዋ ይዛ፣ እጇን ታጥባ፣ ጠረጴዛው ጋ ቆመች። እንዳልኩሽ ያንቺን ፒኮክ ቀርባ አይታው አታውቅም። አሁን መሸሻ የለም፣ ከአፍንጫዋ ሥር ነው። ተበልቶ የቀረውን አንገት ታያለች ብዬ ስጠብቅ እሷ ጣቷን ጥጉ ላይ አሳረፈች። ጭራው የሚታጠፍበት ላይ። ከንፈሯ መንቀሳቀስ ጀመረ። ከዚያ ቆመ። እንደገና ጀመረ።

«ለካ ወደ ኋላ ትመለሳለች» አለች።

«ማን?»

«አክስትሽ። ጥጉ ጋ ስትደርስ ወደፊት አትሄድም። ትንሽ ወደ ኋላ ትመለስና ነው የምታጥፈው። እኔ ይኼን ሁሉ ዓመት በግድ ወደፊት ስገፋው እየተጨማደደብኝ፣ በመጨረሻ ቆርጬ ጣልኩት።»

«ቦዲቲ ላይ ያኔውኑ ብትቆጥሪውስ ኖሮ?» አልኳት። ምላሴን ታውቂዋለሽ።

«ጥጉ ላይ የንፍሮ ትሪ ነበረበት።»

«ትሪውን ገፋ ማድረግ ነበራ።»

«በልቅሶ ቤት? ሰው ምን ይለኛል?»

አክስቴ፣ እኔና ሩት መተያየት አቃተን። እሷ ግን አልሳቀችም። ጣቷ አሁንም እዚያው ጥጉ ላይ ነው። «ስሚ አንቺ ልጅ፣ በአክስትሽ ልብስ አልቀናሁም፣ በባሏ አልቀናሁም፣ ውጭ አገር ስትሄድም አልቀናሁም። በዚህ ጥግ ግን አሁን ሆዴ ነደደ» አለች።

ከዚያ ተቀመጠችና አንገቱን ጀመረች። እንዳዘዝሽኝ አጠገቧ ሆኜ ቆጠርኩ። መጀመሪያ ቀን ቆጠራው ጠፋብኝ። ሁለተኛ ቀን እሷን አስቆጠርኳት፣ ተቆጣችኝ። ሦስተኛ ቀን «ዝም ብለሽ ከምታፈጪብኝ ያዢ» ብላ ሌላ ኪሮሽ እጄ ላይ አስቀመጠች። አንገቱ ላይ ክሩን የምታጠብቀው ወፉ ቀና እንዲል ነው፤ ደረቱ ላይ የምታላላው እንዲተነፍስ ነው። ጠይቂ ያልሽኝ ይኸው። ማን እንደጠየቀ አልነገርኳትም፤ «ለእታፈራሁ እንዲህ በያት» አለችኝ እንጂ።

ትናንት አለቀ። ሩት አዲስ ካርድ ለሁለቱም አዘጋጀች። እትዬ ኢየሩ ሳትጠየቅ «እስክሪብቶ» አለች። በራሷ ካርድ ላይ፣ ባዶው መስመር ውስጥ፣ በገዛ እጇ ጻፈች፤ «ከእታፈራሁ እጅ፣ ከጥጉ በቀር።»

ከጥጉ በቀር። ሩት ይህን ማሰረዝ አልቻለችም። እኔ ግን ሳስበው እውነቷን ነው።

ህብረት


ጆሃንስበርግ፣ ነሐሴ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለህብረት፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ስሜ ተጻፈ። እልል ማለት ነበረብኝ። ደንበኛ ገብቶ ሳሙና ጠየቀኝ፣ ሰጠሁት፣ መልስ ሰጠሁት፣ ሄደ። ከዚያም እንደገና አነበብኩት። ፎቶውን አሰፋሁት፤ አንገቱ ካወጣሁት ይበልጥ ቀና ብሏል። የራሷን እንዳትጨምር ብዬሽ ነበር።

ሰሞኑን ከሶዶ ፍሬዘር የሚባል ልጅ መጥቷል፤ ሱቄ ጎን ነው የሚኖረው። «ህብረት ከእትዬ ኢየሩሳሌም ቤት አትጠፋም» አለኝ። ጥገናው ሐምሌ ላይ አልቋል ብለሽኛል። ታዲያ ምን ትሠሪያለሽ? እሷስ በሯን ከፍታ ነው የምትሠራው? እንዲሁ ማንም ገብቶ ያያል?

ክር ልኬልሻለሁ፣ መስከረም ላይ በሚመለስ ሰው እጅ። ነጭ ነው፣ ጥሩ ነው። የሆነ ነገር የምትሠሪ ከሆነ በዚህ ሥሪ። በሷ ክር እንዳትሠሪ። እኔም እኮ ማስተማር እችል ነበር።

ጌታ ይጠብቅሽ።

አክስትሽ እታፈራሁ


ሶዶ፣ መስከረም 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአክስቴ፣ ለክሩ ባለቤት፤

እንኳን ለጊፋታ አደረሰሽ። ዓመቱ የምትስቂበት ይሁን።

ማኅደሩ ለጊፋታ እንደገና ተከፈተ። ከቦዲቲ፣ ከጉኑኖ ሳይቀር ሴቶች መጡ። ሦስተኛው መስመር ላይ እትዬ ኢየሩ የጻፈችው ወሬው ስለወጣ ብዙዎቹ ካርዳቸው እንዲመለስላቸው ጠየቁ። የትራስ ልብሷ «ከራሴ» ያለውን ሰርዛ የሟች አማቷን ስም ጻፈች። ከጌታ ተቀበልኩ ያለችውም «በጌታ ፈቃድ ከጎረቤቴ» ብላ አስተካከለች። ጎረቤቷ አጠገቧ ቆማ ነበር፤ «ዓሥር ዓመት ሳውቅ ነበር» አለች።

ክሩ ደረሰኝ፣ ሠራሁበት። ትልቅ አይደለም፣ የአንድ ትራስ ያህል ነው። ፒኮክ መስሎሽ ከሆነ ተሳስተሻል። አይጥ ነው። አፉን ከፍቶ የሆነ ወፍ ላባ ይዟል። ሩት ሳቀችና «ይኼ ታሪካችን ነው» ብላ አሁን ጎን ለጎን ከተሰቀሉት ሁለት ፒኮኮች መሃል ሰቀለችው። እናቴ አይጥ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል ወይ ብላ አልገባም አለች፤ ቆይታ ግን ገባች፣ ቆይታም የማነው ለሚል ሁሉ «የልጄ ነው» ትል ነበር።

አሁን የምትጠብቂውን ልንገርሽ። ሩት ካርዱን ይዛ «ከማን እጅ?» አለችኝ።

«ሁለት ስም አይገባም?»

«አንድ መስመር ነው ህብረት።»

እትዬ ኢየሩ ከኋላዬ ቆማ ጣራውን ታያለች። በጣም ነው የምታየው።

ኢየሩሳሌም ብዬ ጻፍኩ።

ተቆጪ። ክሩ ያንቺ ነው፣ ሥጋዬም ያንቺ ነው። ግን በርሽ ሥር ሆኜ አሳይኝ እያልኩ ስለምንሽ በቁልፉ ቀዳዳ ስንቴ እንዳየሁ አታውቂም፤ ጠባብ ነበር፣ ወንበርሽ ነበር የሚታየኝ። አንድ ቀን ሰምተሽኝ ጫማ ወረወርሽብኝ። እሷ ወንበር ሰጠችኝ። ውሸት ልጻፍ ብዬ አስቤ ነበር፣ ውሸት፣ ታውቂኛለሽ፣ አልፈራም። እሷ ግን ስምሽን ስትጽፍ አጠገቧ ነበርኩ። እንዴት እንደከበዳት አይቻለሁ።

ፎቶውን አያይዤዋለሁ፣ ሦስቱም አብረው የተሰቀሉበትን።

ህብረት


ጆሃንስበርግ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ህብረት፤

ደርሶኛል።

በፎቶው ላይ ደህና ይታያል። የኔ ክር መሆኑ ያስታውቃል።

አይጡ ጺም ያለው ይመስላል። ወይስ የስልኬ መስታወት ነው? በቀዳዳና በድፍን ሥራ ጺም አይወጣም፤ ክሩ ቀጥ ብሎ የሚቆምበት ቦታ የለውም። እኔ የድመት ጺም ልሠራ ሞክሬ ትቼዋለሁ። እሷም እንደማታውቀው አውቃለሁ።

እንዴት አወጣሽው? ከቅርብ አንሥተሽ ላኪልኝ፣ አፍንጫው አካባቢ ብቻ፣ በቀን ብርሃን። ለሌላ አይደለም። እንዲሁ ለማየት ነው።

እታፈራሁ


ሶዶ፣ ጥቅምት 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበርሽው አክስቴ፤

ሰላምታዬ ከነተንኮሉ ይድረስሽ።

ጺሙን ማንም አላሳየኝም። ከጭንቅላቴ ነው የወጣው። እትዬ ኢየሩ ሁለት ጊዜ «ይኼ እንዴት ቆመ?» ብላ ጠይቃኛለች፣ «ስኳር ነው» ብዬ አልፌያታለሁ። ሳምንቱን አላናገረችኝም።

ባለፈው ዓርብ ትንሳኤ የምትባል የሰፈራችን ልጅ፣ የዘጠነኛ ተማሪ፣ ማኅደሩ ገብታ አይጤ ፊት ቁጭ አለች። ታደንቃለች ብዬ ደስ አለኝ። ሳያት ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። አክስቴ፣ እየቆጠረች ነው። ፎጣ አንስቼ ግድግዳው ላይ ጣልኩበት። «ሊታጠብ ነው» አልኳት። ሩት ፎጣውን አንስታ «ህብረት፣ ማኅደር ማለት ይኼ አይደለም» አለችኝ። አውቃለሁ ማኅደር ማለት ምን እንደሆነ። ያን ቀን ግን በርሽን ለምን እንደዘጋሽው ትንሽ ገባኝ። ሙሉውን አይደለም፣ ትንሽ። በማግስቱ ትንሳኤን ጠርቼ ወንበር ሰጠኋት፤ አፍንጫውን በእጄ ሸፍኜ ጭራውን አስቆጠርኳት።

የጠየቅሽውን ፎቶ ልኬልሻለሁ። ያነሳሁት ከአዳራሹ በር ላይ ሆኜ ነው። አይጥ መሆኑ ይታወቃል። ከዚያ በላይ አይታወቅም፤ ብታሰፊውም አይታወቅም፣ ሞክሬዋለሁ።

ጺሙን ማየት የፈለገ ሶዶ ይምጣ። እናቴ አልጋሽን አንጥፋዋለች። ማኅደሩ በሥራ ቀን ሁሉ ክፍት ነው፣ ፊት ለፊቱ ወንበር አለ፣ የምትፈልጊውን ያህል ተቀምጠሽ እይው፣ አላስነሳሽም። እኔ ግን አይጡን አይደለም የማየው። አጠገብሽ ቆሜ ከንፈርሽን ነው የማየው።

ህብረት